ጀልባ ላይ የተጫነው ወንበር

«ፊቱን ወዴት ነው ያዞርሽው?» አሉ እማማ ኢሎንካ ከበረንዳው ላይ ሆነው። ወንበራቸውን ማለታቸው ነው።

«ወደ ኋላ ነው እማማ፤ ንፋስ እንዳይገለብጠው» አለች ምራታቸው ዳርላ፣ ጀልባው ውስጥ ቆማ ማሰሪያውን በጉልበቷ ተጭና እያጠበቀች።

«ደግ አደረግሽ። እሱ እንኳ የወጣበትን ቤት እያየ ይሂድ።»

የመስከረም ቅዳሜ ጠዋት ነው። የቶሌዶ ከተማ ምሥራቁ ሰፈር እንደወትሮው ከነዳጅ ማጣሪያው የሚመጣ ሽታ አለው፤ የለመደው ሰው ግን አይሸተውም። ከቤቱ ፊት ለፊት ትልቁ የቤተሰብ መኪና ቆሟል። ስምንት ሰው የሚጭን ነው፤ የዳርላ ሴት ልጆች ትንንሽ ሳሉ ያቀለጡት ከረሜላ አሁንም ከኋላ መቀመጫው ላይ አልለቀቀም። ከመኪናው ኋላ ተሳቢ፣ ተሳቢው ላይ ጀልባ፣ ጀልባው ላይ ደግሞ አረንጓዴ ባለመደገፊያ ወንበር፣ ሁለት ሻንጣ፣ የስፌት መኪናና በፎጣ የተጠቀለለ የእመቤታችን ሥዕል። ጀልባ የዓሣ ማጥመጃ ሲጭን እንጂ ሳሎን ሲጭን ማን አይቶ ያውቃል! ጎረቤቱ ሁሉ በየበረንዳው ወጥቶ፣ ገሚሱ እየሳቀ ገሚሱ ዓይኑን እየጠረገ ይመለከታል። እማማ ኢሎንካም የእሁድ ቀሚሳቸውን ለብሰው፣ የጎመን ጥቅልል የሞላበት ድስታቸውን ታቅፈው፣ ለአንዱም ለሌላውም እጃቸውን ያወዛውዛሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ኤርኒ ሳቦ፣ የእማማ ኢሎንካ አንድያ ልጅ፣ የዳርላ ባል የነበረው፣ ሼላ ከምትባል ሴት ጋር ከከተማው ራቅ ብሎ ባለው ሐይቅ ዳር ሊኖር ወጥቶ ከሄደ ዓመት ከመንፈቅ ይሆነዋል። ፍርድ ቤቱ ሲያፋታቸው ቤቱ ተሽጦ እኩል እንዲካፈሉት፣ መኪናው ለዳርላ፣ ጀልባው ለኤርኒ እንዲሆን ወሰነ። መኪናው የተገዛው ጀልባውን እንዲጎትት መሆኑን ዳኛው ከየት ይወቀው? ኤርኒ አሁን የሚነዳው የሼላን ትንሽ ቀይ መኪና ነው፤ ያቺ መኪና ደግሞ እንኳን ጀልባ ብስክሌትም አትጎትትም። ስለዚህ ጀልባው ሸራውን ለብሶ ከዳርላ ደጅ ከረመ፤ በረዶ ወረደበት፣ ቅጠል ረገፈበት።

እማማ ኢሎንካም እዚያው ከረሙ። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ የኖሩት ከኩሽናው ጀርባ ባለችው ክፍል ነው። ልጃቸው ልብሱን በሻንጣ ይዞ ሲወጣ ሻይ እየጠጡ ነበር፤ ሻያቸውን ጨርሰው ስኒያቸውን አጠቡ። «እንሂድ» ያላቸውም «ይሂዱ» ያላቸውም የለም። ከዚያ ወዲህ ሁለቱ ሴቶች ማታ ማታ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቴሌቪዥን ያያሉ፤ የማሞቂያው ሒሳብ ናረ ይባባላሉ፤ እንቁላል እንዲህ ይወደድ እንዴ ብለው ይገረማሉ። የኤርኒን ስም ግን አንዳቸውም አያነሱም። ስሙ ከተነሳ አንደኛዋ የልጁ እናት፣ ሌላኛዋ የተከዳች ሚስት ሆነው ፊት ለፊት መተያየት ሊኖርባቸው ነዋ! ዝም ማለቱ ለሁለቱም ይቀላል።

ቤቱ ሲሸጥ ግን ዝምታው አላዋጣም። ዳርላ ሐምሌ ላይ ስልክ አንስታ «እናትህስ?» አለችው። ኤርኒ አላንገራገረም። «ምን ማለትሽ ነው? እናቴ አይደለችም እንዴ! ክፍል አለ፤ ሐይቁ በመስኮት ወለል ብሎ ይታያል። ጀልባውን ስታመጪልኝ አብረሽ ይዘሻት ነይ» አለ። እማማ ኢሎንካ ይህን ሲሰሙ ዕድሜያቸው አሥር ዓመት የቀነሰ መሰለ። ለዳቦ ቤቷ ሻጭ ነገሩ፣ ለመድኃኒት ቤቱ ነገሩ፣ ለፖስታ አዳዩ ነገሩ፤ «ልጄ ሊወስደኝ ነው» እያሉ። ድመታቸውን ለጎረቤት ሰጡ፤ ሼላ ድመት አትወድም ተብለው። የቤተክርስቲያኑ ሴቶች የመሸኛ ምሳ አደረጉላቸው፤ ዶሮ ፓፕሪካ በሚባለው ቀይ በርበሬ ተሠራ፣ ተዘፈነ፣ ተለቀሰ። ዳርላም ጥግ ላይ ቆማ አብራ ስታጨበጭብ፣ በሆዷ ውስጥ አንድ ቅልል የሚል ነገር ተሰማት። ተገላገልኩ የሚል ነገር። ያን ቀን በራሷ አፈረች፤ ግን ውሸት አልነበረም። የተሸጠውን ቤት ሐሙስ ካስረከበች በኋላ የምትገባበት ቤት አንድ ክፍል ነው፤ ሦስተኛ ፎቅ፣ አሳንሰር የሌለው፣ በወር ዘጠኝ መቶ ዶላር የሚከፈልበት፣ አከራዩም «አንድ ሰው ብቻ፤ እንግዳም ቢሆን አያድርብኝም» ያላት። ይህች ሴት ለሁለት ሰው ስታበስል፣ ለሁለት ሰው ስትጨነቅ ኖራለች፤ አንድ ጊዜ ለራሷ ብቻ በሩን ዘግታ መተኛት ብትመኝ ይፈረድባታል?

እማማ ኢሎንካ የለመዱት ቦታቸው ላይ፣ መካከለኛው መቀመጫ ላይ ተቀመጡ፤ ድስቱንም ጉልበታቸው ላይ አደረጉ። ዳርላ ሞተሩን አስነሳች። ከመንገዱ ጥግ ሲታጠፉ አሮጊቷ ወደ ኋላ ዞረው አላዩም። «ወንበሩ እያየልኝ ነው» አሉና ሳቁ፤ ሳቃቸው ግን ቶሎ አለቀ።

ከከተማው እንደወጡ ቤንዚን ለመቅዳት ቆሙ። ያ መኪና ባዶውን ሲሄድ እንኳ የሚጠጣው ለጉድ ነው፤ ጀልባ ሲጎትት ደግሞ የነዳጅ መለኪያው መርፌ ዓይን እያየ ይወርዳል። ዳርላ የአርባ ዶላር ቀድታ ግማሽ እንኳ አልደረሰም። ጎን ያለው ሾፌር ጀልባው ላይ ያለውን ወንበር አይቶ ባርኔጣውን ከፍ አደረገና «ዙፋኑ የማን ነው?» አለ።

«የንግሥቲቱ ነው!» አሉ እማማ ኢሎንካ በመስኮቱ ብቅ ብለው። «ቤተ መንግሥት ልቀይር ነው፤ አንተስ ምን ሰጥተህ ትሸኘኛለህ?»

ሰውዬው እየሳቀ ኪሱን ፈተሸና አንድ ማስቲካ ሰጣቸው። ማስቲካውን በቦርሳቸው ከተቱት፤ «ለልጄ» አሉ። ልጃቸው ሃምሳ ዓመት አልፎታል።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ነው፤ በቆሎው ደርቋል፣ የኃይል ማመንጫው ማማ ከሩቅ ይጨሳል። ዳርላ በስፖኪዮው ጀልባውን ታያለች፣ ወንበሩን ታያለች፣ የአሮጊቷን ነጭ ፀጉር ታያለች። ከዚያ እማማ ኢሎንካ ከኋላ ሆነው፣ ለመስኮቱ የሚናገሩ ይመስል፣ «የዛን ጊዜ ምንም ያላልኩት ልጄ ስለሆነ ነው» አሉ።

«አውቃለሁ እማማ።»

«ደግ አደረገ ብዬ አይደለም።»

«አውቃለሁ።»

በቃ፣ ይኸው ነው። ዓመት ከመንፈቅ የታመቀው ነገር በዚህ አለቀ። ዳርላ ሬዲዮውን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ሐይቁ ጋ ሲደርሱ ጀልባ ማውረጃው ፀሐይ ሞልቶበታል። ኮንክሪቱ እያዘቀዘቀ ሐይቁ ውስጥ ይገባል፤ ከጎኑ ገመድ የሚታሰርበት የእንጨት መቆሚያ አለ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚያ ሁለት ዓይነት ሰው ይሰበሰባል፤ ጀልባ የሚያወርድና ጀልባ የሚያወርደውን የሚያይ። የሚያዩት ተጣጣፊ ወንበራቸውን ዘርግተው፣ ቢራቸውን በረዶ ውስጥ ቀብረው ማለዳ ነው ቦታ የሚይዙት። ትርኢቱ ባልና ሚስት ነው። ባል መኪናውን ወደ ኋላ ይነዳል፣ ሚስት መቆሚያው ላይ ሆና ትመራለች፤ «ግራ!» ትላለች፣ «የማን ግራ?» ይላል፣ ከዚያ ወዲያ ያለው ለልጅ ጆሮ አይሆንም። ኤርኒና ዳርላ ግን ለተመልካች የሚሆን ነገር ሰጥተው አያውቁም ነበር። እሱ በአንድ ጊዜ ያስገባል፤ እሷ ገመዱን ይዛ ትጠብቃለች፤ አንድም ቃል አይወጣቸውም። ያየ ሁሉ «ጋብቻ ማለት ይሄ ነው!» ይል ነበር። ወይ ጋብቻ!

ቀጠሮው ኤርኒ እዚህ ተቀብሏቸው ጀልባውን ከነዕቃው በውሃ እስከ ሼላ ቤት እንዲወስደው ነበር፤ ኤርኒ ግን የለም። ዳርላ ዙሪያውን አየች፣ ስልክ ደወለች፣ አያነሳም። ከኋላዋ ሌሎች መኪኖች ተሰልፈዋል፤ እዚያ ቦታ ላይ ወረፋ ይዞ መገተር ደግሞ ትልቅ ነውር ነው። ጥሩምባ ሲነፉባት «እሺ፣ እሺ» አለችና ወደ ኋላ መንዳት ጀመረች። ሃያ ዓመት ገመድ የያዘች ሴት ተሳቢ ወደ ኋላ ነድታ አታውቅም። ተሳቢ ያለው መኪና ወደ ኋላ ሲነዱት የነገሩትን አይሰማም፤ መሪውን ወደ ቀኝ ስታዞረው ጀልባው ወደ ግራ ይሄዳል፣ ስታቀናው ይባስ ይታጠፋል። ወደ ፊት ወጣች፣ ተመለሰች፣ አሁንም ታጠፈባት። ተመልካቹ ተመቻችቶ ተቀመጠ። ሌስተር የሚባል አንድ ወፍራም ሽማግሌ፣ የቦታው አለቃ የሚመስል፣ ቢራውን ከፍ አድርጎ «እህቴ፣ የምትወስጂው እኮ ወደ መጸዳጃ ቤቱ ነው! ጀልባው ሽንቱ መጥቶ ነው?» አለ። ሁሉም ሳቀ። ዳርላ ላብ አጠመቃት።

«አትስሚው ልጄ» አሉ እማማ ኢሎንካ። «ቀስ እያልሽ። እኔ አልቸኩልም።»

ይሄኔ ቀይዋ መኪና መጥታ ኤርኒን አወረደችውና ሞተሯን እንኳ ሳታጠፋ ተመልሳ ሄደች። ኤርኒ ከስቷል፤ ፂሙን አሳድጓል። የሾፌሩን በር ከፈተና «ጠጋ በይ» አለ። ዳርላ ማርሹን ተሻግራ ተንፏቃ ተጠጋች። ለምን እሺ እንዳለችው ኋላ ራሷን ጠይቃለች፤ መልሱ ልማድ ነው፣ ሌላ ምንም አይደለም። እሱም ገባ። ዞሮ የእናቱን ጉልበት ነካ አደረገ፣ መሪውን እንደዱሮው በአንድ እጁ ከታች ያዘ፣ ጀልባውም ቀጥ ብሎ ወደ ውሃው መውረድ ጀመረ። ሌስተር እንኳ «እሰይ!» አለ።

ጀልባ ከበስተኋላው ቀዳዳ አለው፤ ከሐይቅ ሲወጣ የገባበት ውሃ እንዲፈስ ውታፉን ይነቅሉለታል፣ ሲመለስ መልሶ መወተፍ ነው። ውታፍ የረሳ ሰው በዚያ አገር ዕድሜ ልኩን ይሳቅበታል። ስለዚህ ኤርኒ ሁልጊዜ ጎማው ውሃ ከመንካቱ በፊት «ውታፍ!» ብሎ ይጮህ ነበር፤ ሥራው የትንሿ ልጃቸው ነበርና እሷ ከኋላ «ገብቷል!» ብላ ትመልሳለች። ልጅቷ አሁን አድጋ ሌላ ክፍለ ግዛት ገብታለች። ዛሬም ግን ከአፉ አመለጠውና «ውታፍ!» አለ።

«ገብቷል!» የሚል ድምፅ ከኋላ መጣ።

እማማ ኢሎንካ ናቸው። ድምፃቸውን እንደ ልጅ አቅጥነው። ሦስቱም በሳቅ ፈረሱ። ኤርኒ ግንባሩን መሪው ላይ አድርጎ ሳቀ፤ ዳርላም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች፤ ለዚያች አፍታ ማንም ማንንም ያልተወ፣ ምንም ያልተሸጠ መሰለ። ዳርላ ወርዳ ገመዱን ያዘች። ጀልባው ከነወንበሩ ውሃው ላይ ተንሳፈፈ። ኤርኒ ባዶውን ተሳቢ ይዞ፣ እናቱን ከኋላ እንዳስቀመጠ፣ መኪናውን ሊያቆም ወደ ላይ ወጣ።

ውታፉን ያስገባ ሰው እንደሌለ መጀመሪያ ያየችው ዳርላ ናት። ጀልባው ቂጡን ወደ ታች ይሰዳል። የወንበሩ እግሮች ውሃ ውስጥ ናቸው፤ ሻንጣዎቹ መንሳፈፍ ጀምረዋል። «ኤርኒ!» ብላ ጮኸች። ኤርኒ ተሳቢውን እያንጋጋ ተመለሰ። ሌስተርና ሌላ አንድ ሰው ቢራቸውን ጥለው ጉልበታቸው ድረስ ገቡ፤ እየገፉ እየጎተቱ ጀልባውን መልሰው ተሳቢው ላይ አወጡት። ከዚያ ኮንክሪቱ ላይ አቁመው ውሃው በቀዳዳው እስኪፈስ መጠበቅ ሆነ። ዕቃውን ሁሉ አወረዱ። ወንበሩን ሣሩ ላይ አስቀመጡት፤ የእመቤታችንን ሥዕል ከፎጣው ፈትተው ከእግሩ ሥር አቆሟት፤ ሻንጣዎቹን ከፍተው ለፀሐይ ሰጧቸው። የሌሊት ልብሳቸው፣ የጉልበት ማሰሪያቸው፣ የለቅሶ ጥቁር ቀሚሳቸው፣ ለአዲሱ ክፍላቸው በእጃቸው የሰፉት መጋረጃ፣ ሁሉም ሰው ፊት ተሰጣ። ከተመልካቹ መካከል አሁን የሚስቅ አልነበረም።

እማማ ኢሎንካ ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። «ጥፋቱ የኔ ነው» አሉ። «ሳላይ ገብቷል አልኩ።»

«አይ እማ፣ ያላየሁት እኔ ነኝ» አለ ኤርኒ። ውታፉን ከመኪናው የዕቃ ኪስ ውስጥ አገኘውና በጥንቃቄ አጠበቀው። ሲያጠብቅ ወደ ሻንጣዎቹ አያይም ነበር። ጀልባውን እንደገና አወረደ፣ ተሳቢውን እንደገና አውጥቶ አቆመ፣ ተመልሶ መጥቶ መቆሚያው ላይ ገመድ መፍታት ጀመረ። ዳርላ እርጥቡን ልብስ ጨምቃ፣ አንዱን ሻንጣ ዘግታ ተሸክማ መጣች።

«ተይው» አለ ኤርኒ።

«ምኑን?»

«ሻንጣውን። አይጫን።»

«እስኪደርቅ ልጠብቅ?»

«እንደሱ አይደለም» አለና ዓይኑን ገመዱ ላይ ተከለ። «የሼላ ልጅ ሕፃኗን ይዛ ተመልሳ መጣች። ክፍሉን ያዘችው። ምን ላድርግ?»

ዳርላ ወሽመጧ ተቆረጠ። ሻንጣውን ግን አላስቀመጠችውም። «መቼ ነው የመጣችው?»

ኤርኒ የፈታውን ገመድ መልሶ ቋጠረው።

«መቼ ነው የመጣችው ኤርኒ?»

«ሦስት ሳምንት ይሆናታል።»

«ሦስት ሳምንት! ድመቷን የሰጡት ያለፈው እሁድ ነው። ምሳ የተበላው ረቡዕ ነው። ስልክ የለህም? አፍ የለህም?» ድምፅዋ እየቀጠነ ሄደ። «ገባኝ። ብትነግረኝ ጀልባህን አልጎትትልህማ! ጀልባው እስኪደርስልህ ነው ዝም ያልከው።»

«በእናትሽ እንደሱ አትበዪ። እስከ ፀደይ ብቻ አንቺ ጋ ትሁን። እኔ በሰው ቤት ነው ያለሁት ዳርላ። በሰው ቤት! የምተኛበትን እንኳ የምመርጠው እኔ አይደለሁም።» ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ፈሪ ነው። ሴትን ላለማስከፋት ሌላ ሴት የሚያስከፋ፣ ነገሩ ሁሉ በራሱ ጊዜ ይፈታል ብሎ የሚያድር ፈሪ።

«አንድ ክፍል ነው የተከራየሁት! ሐሙስ ቤቱን አስረክባለሁ!»

«ኤርኒ» አሉ እማማ ኢሎንካ።

ወንበሩ ያለበት ሣር ከመቆሚያው ብዙ አይርቅም። ሁለቱም እስከዚያች ሰዓት ድረስ ይህን ረስተውት ነበር።

«አቤት እማ።»

«ና እስቲ ወዲህ።» መጣ። ፊቱ ደም መስሏል። አሮጊቷ አንገቱን ጎንበስ አድርገው የሸሚዙን ኮሌታ አስተካከሉለት። «የምን ጭቅጭቅ ነው ሰው ፊት? እኔ እኮ ጀልባውን ልሸኝ ነው የመጣሁት» አሉ።

ከጎናቸው ሻንጣቸው ተከፍቶ፣ የሰፉት መጋረጃ ሣሩ ላይ ተሰጥቶ ነው ይህን የሚሉት። «እሁድ እመጣለሁ» አለ ኤርኒ።

«እሁድ ትመጣለህ። ድስቱን ይዘህ ሂድ፤ መኪናው ውስጥ ነው። ጎመን የሚጥመው ሲያድር ነው። ያቺ ልጅም ትብላበት፤ አራስ እርቧት ይሆናል።»

«እማ...»

«ሂድ፣ ንፋስ ሳይነሳ።»

ድስቱን ወሰደ። አዎ፣ ወሰደው። እንዳይወስደው ማድረግም ለሳቸው ሌላ ስቃይ ይሆን ነበር፤ ዳርላ ይህን ስላወቀች አፏን ያዘች። ግንባራቸውን ሳመ፣ ጀልባው ውስጥ ገባ፣ ድስቱን ወንበሩ በነበረበት ቦታ ላይ አስቀመጠ። ሞተሩ ሲነሳ ግን ያን ዓይኑን በጨው አጥቦ «ዳርላ፣ ተሳቢውን ሼላ ጓሮ ታደርሺልኛለሽ?» ብሎ ጮኸ። እማማ ኢሎንካ እጃቸውን አወዛወዙ፤ ጀልባው ማዕበል ከሚመልሰው የድንጋይ ግድብ ጀርባ እስኪሰወር ድረስ አላወረዱትም።

ዳርላ ወደ መኪናው ሄደች። የመብራቱን ገመድ ነቀለች፣ ሰንሰለቱን ፈታች፣ መንጠቆውን በእግሯ ረግጣ አላቀቀችና ተሳቢውን እየገፋች አጥሩ ጥግ አቆመችው። ጎማው እግሯን ሊረግጣት ምንም አልቀረው። ይምጣና ይውሰደው፤ በብስክሌትም ይጎትተው! ከዚያ የመኪናውን የኋላ መቀመጫዎች አጠፈች። ሌስተር ሳይጠሩት መጥቶ ወንበሩን በአንዱ በኩል ያዘ። ቀልዱ ሁሉ ጠፍቶበት፣ «በየት በኩል ላስገባው፣ እናቴ?» አለ። እማማ ኢሎንካ በእግሩ በኩል አሉት። የስፌት መኪናውንም አመጣላቸው፣ እርጥቡን መጋረጃ አጣጥፎ ሰጣቸው፣ ሌላ የሚያደርገው ሲያጣ ባርኔጣውን አወለቀ።

ዳርላ የፊተኛውን በር ከፈተች። «እዚህ ይቀመጡ፣ ከኔ ጋ።» እማማ ኢሎንካ ያንን መኪና ባወቁበት ዘመን ሁሉ ፊት ተቀምጠው አያውቁም፤ ያ የሚስት ቦታ ነበር፤ አሁን ሚስት ሾፌር ሆናለች። ደግፋ አስገባቻቸው፣ ቀበቶውን ራሷ አሰረችላቸው። መኪናው ምንም ስለማይጎትት እንደ ባዶ ጋሪ ቀለለ፤ ነዳጁን ትንሽ ስትነካው ይወረወራል።

በቆሎው ተመልሶ መጣ። እማማ ኢሎንካ ባዶ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገዋል፤ ድስት ስለሌለ ምን እንደሚያደርጉበት የጠፋቸው ይመስላሉ። ብዙ ሄደው «ሰፈር ስንገባ በጓሮ በኩል ግቢልኝ» አሉ። «ጎረቤቱን ሁሉ ስሜ ተሰናብቼ ነው የወጣሁት። ድመቷንም አትጠይቂልኝ፣ ከለመደች ትቆይ።»

«እሺ እማማ።»

«ሐሙስ ነው አይደል ቁልፉን የምትሰጪው?»

«ሐሙስ ነው።»

የነዳጅ ማጣሪያው ጭስ ማውጫ ከሩቅ ብቅ ሲል ነው እንደገና የተናገሩት። ቁጣ የለበትም፤ አንድ ሰው መንገድ ሲጠፋው እንደሚጠይቀው ነው የጠየቁት።

«ዳኛው መኪናውን ለአንቺ ሰጠ። ጀልባውን ለሱ ሰጠ። እኔን ለማን ሰጠኝ?»

ዳርላ መሪውን አጥብቃ ያዘች። የሦስተኛውን ፎቅ ደረጃ አሰበች፤ አከራዩን አሰበች፤ በሩን ለራሷ ብቻ ዘግታ የምትተኛበትን ሌሊት አሰበች፤ ያን ሌሊት በጣም ነበር የፈለገችው። በአፍታ ተሰናበተችው።

«ለእኔ» አለች።

«ወረቀቱ ላይ አለ?»

«አለ።»

እማማ ኢሎንካ ረጅም ጊዜ አዩዋት። ሰው ሲዋሽ የማያውቁ ሴት አይደሉም፤ ዛሬ ያልታወቃቸው አንድ ውሸት ብቻ ነው፣ እሱም የልጃቸው ስለሆነ ነው።

«ቤትሽ ደረጃ አለው ብለሽኝ ነበር» አሉ።

«አለው። ሦስተኛ ፎቅ ነው።»

«ቀስ እያልኩ እወጣዋለሁ» አሉ እማማ ኢሎንካ፤ ከዚያም ፊታቸውን በሁለት እጃቸው ሸፍነው ማልቀስ ጀመሩ። ዳርላ አላባበለቻቸውም። ወደ ሰፈሩ መታጠፊያ ስትደርስ ፍሬቻ አሳይታ በጓሮው መንገድ ገባች።